ደብዳቤ ሲመጣ የሚሰበሰብ ቡድን፦ ስለ ኮሌጅ አትሌቲክስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነኝ፤ የአትሌቲክስ ቡድኑም በእኔ እጅ ነው። ከአስተዳደሩ እስከ ግቢው ጥበቃ፣ ከወላጅ እስከ ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ስለዚህ ሥራ አስተያየት የማይሰጥ ሰው አላጋጠመኝም። በየዓመቱ የምሰማው ግን ያው የተለመደው ስሕተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ጥቃቅኖቹን አስቀድሜ ላሰናብት።

«ከውድድር በፊት ጥሬ እንቁላል ጉልበት ይሰጣል።» አይሰጥም። ሰውነት ከጥሬ እንቁላል የሚያገኘው ፕሮቲን ከተቀቀለው በእጅጉ ያነሰ ነው። ቀቅላችሁ ብሉት፤ እሱንም ከውድድሩ በኋላ።

«ላብ ላይ ውሃ መጠጣት ያሳምማል።» የሚያሳምመው አለመጠጣት ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው? ጫማ ምን ያደርጋል?» ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ የጫማ ግዢ ጥያቄዬን ውድቅ የሚያደርጉብኝ ሰዎች ናቸው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያፈጠነው ጫማው ነው አልልም። ባዶ እግር የድሉ ምሥጢር እንዳልነበረ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ቡድን የሚዘጋጀው ውድድር ሲቃረብ ነው።»

በየዓመቱ የሚሆነው ይህ ነው። የውድድሩ ጥሪ ይመጣል፤ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ይመራል፤ በጀት ይለቀቃል። በጀቱ አበል፣ ትራንስፖርትና ቱታ ነው። ከዚያ «ሁለት ሳምንት አለህ፤ ጎበዞቹን መርጠህ አዘጋጅ» እባላለሁ። ማስታወቂያ ይለጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ሜዳው በልጆች ይሞላል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ግማሹ ያነክሳል።

ልብና ሳንባ ለልምምድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጀምራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድንገት የተሰበሰበ ልጅ ትንፋሹ ሲከፈትለት ቅልጥሙ ገና ነው፤ ትንፋሹ የፈቀደለትን ፍጥነት አጥንቱ አይሸከመውም። ደግሞም ሰውነት የሚጠነክረው በከባዱ ልምምድ ዕለት ሳይሆን ደክሞ፣ አርፎ፣ ራሱን ሲጠግን ነው። በደንብ የሠለጠነ ሯጭ በመጨረሻዎቹ አሥርና አሥራ አምስት ቀናት የሚያደርገው ጫናውን መቀነስ ነው። እኛ ግን ልጁን ማድከም የምንጀምረው ማረፍ በሚገባው በዚያው ጊዜ ነው። ይህ ዝግጅት አይባልም፤ ልጅን ለጉዳት መመልመል ነው።

ቡድኑን ከመረከቤ በፊት በእንዲህ ዓይነት ጥድፊያ የተመረጠች የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ከሞጣ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት። ቅልጥሟን አመማት። አበሏ ስለተሠራ ስሟ አይቀየርም ተባለ። ጓደኞቿ ወጌሻ ዘንድ ወሰዷት፤ ታሸች፤ ባሰባት። በመጨረሻ ሐኪም ሲያያት አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዓመቱ በዚያው አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ በቀላል ሩጫ ይዘናት በዚያው ርቀት ለፍጻሜ ደረሰች። የልጅቷ ተሰጥኦ በሁለቱም ዓመታት ያው ነበር። እግረ መንገዴን ልናገር፦ በጣት ሲነካ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፣ ሌሊትም የሚጠዘጥዝ ሕመም ካለ ሩጫውም ማሸቱም ይቁም፤ ሐኪም ይየው።

ዓመቱን ሙሉ እንሥራ ስል ሁሌም የሚመለስልኝ «በጀት የለም» የሚል ነው። የጠየቅሁት እኮ ገንዘብ አይደለም! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚከፈት በር፣ ሣር ሜዳ፣ የሰዓት መያዣ፣ ረጅም ሜትርና ደብተር ይበቃል። ደብተሩ ላይ ማን እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሮጠ፣ የት እንዳመመው ይጻፋል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ቁርስ ነው። ልምምድ ጨርሶ ሲመጣ የተማሪዎች ምግብ ቤት የተዘጋበት ልጅ ሦስት ሳምንት ይታገሣል፤ ከዚያ ይቀራል፤ እኛም «ዲሲፕሊን የለውም» እንላለን። ለቡድኑ ልጆች ቁርስ እንዲቆይ ያስፈቀድኩበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ከማንኛውም ትጥቅ በላይ ሠርቶልኛል።

ዕቅድ ስታወጡ ከውጭ አገር መጽሐፍ የዓመት ሠንጠረዥ አትገልብጡ። እዚህ ክረምቱ ከባድ ነው፤ ሜዳው እስከ መስከረም ጭቃ ነው፤ ተማሪው ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ እርሻና አረም ላይ ይከርማል። ስለዚህ የእኛ ዓመት ከጥቅምት እስከ ሰኔ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ቀላል ሩጫ ብቻ ይሁን፤ ልጁ ከጎኑ ካለው ጋር እያወራ ሊሮጥ በሚችልበት ፍጥነት። ታኅሣሥ ላይ ዳገት ይግባ። ፍጥነቱ ከጥር በኋላ ይምጣ። «ሲያርም የከረመ ልጅ ጠንካራ ነው» ብላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አታስሩጡት። ወገቡ ጠንክሮ ይሆናል፤ ቅልጥሙ ግን ከሰኔ ወዲህ ሩጫ አላየም። ደብዳቤው በመጣ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ፤ ዝግጁ የሆነ ቡድን ይጠብቀዋል።

«የደጋ ልጅ በተፈጥሮው ሯጭ ነው፤ የቆላ ልጅ አይሮጥም።» ይህኛው ከሠለጠኑ ሰዎችም አፍ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ያልፋል። ከፍታ ቀይ የደም ሴሎችን እንደሚያበዛ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍታ ላይ ስትሮጥ ፍጥነትህ ይቀንሳል። ሌቫይንና ስትሬይ-ገንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በ5,000 ሜትር የተሻሻሉት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የሠለጠኑት ነበሩ፤ ላይ ኖረው ላይ የሠለጠኑት ያንን መሻሻል አላገኙም። እኛ በየቀኑ ወደ አባይ በረሃ ወርደን መመለስ አንችልም። የምንችለው የፍጥነት ልምምዱን ማሳጠርና በየመሃሉ ያለውን እረፍት ማስረዘም ነው፦ ከ1,000 ሜትር ድግግሞሽ ይልቅ 300 እና 400 ሜትር።

የቆላው ልጅ ደግሞ ሲመጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት እንጂ በመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ አታባርሩት። ቀጭን አየር ለአጭር ሩጫና ለዝላይ እንደሚያግዝ ስንቱ አሰልጣኝ ያስታውሳል? ቦብ ቢመን እ.ኤ.አ. በ1968 በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር የዘለለው 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ ክብረ ወሰኑም እስከ 1991 ቆየ። ደብረ ማርቆስ ከዚያ ትበልጣለች። ሆኖም ብዙ ኮሌጆች የአሸዋ መዝለያ እንኳ የላቸውም፤ አሸዋው ግን ወንዛችን ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው «አትሌቲክስ ማለት ረጅም ርቀት ነው» የሚለው ነው። በሜዳልያ ሠንጠረዥ ላይ የጦር ውርወራ ወርቅ ከ10,000 ሜትር ወርቅ እኩል ይቆጠራል። ሁሉም ኮሌጅ በረጅም ርቀት ሲጋፋ ትንሽ ኮሌጅ መግባት ያለበት በአሎሎ፣ በስሉስ ዝላይ፣ በእርምጃ ውድድርና በዱላ ቅብብል ነው። በ4 በ100 ዱላው የሚቀባበልበት ክልል 30 ሜትር ነው፤ እዚያ ውስጥ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ዱላ መስጠትና መቀበል የለመደ መካከለኛ ቡድን ከተሰበሰቡ አራት ፈጣኖች ይቀድማል። ይህም ከአንድ ዘንግና ከትዕግሥት ሌላ ወጪ የለውም። መሰናክል ከባሕር ዛፍ መሥራት ይቻላል፤ ግን መሬት ላይ አትትከሉት! እግሮቹ ሯጩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ የተዘረጉ ይሁኑ፤ ሲነካ ወደፊት መውደቅ አለበት። የተተከለ እንጨት ላይ ጉልበቱን የሰበረ ልጅ አይቻለሁ።

«ጾምና ልምምድ አይስማሙም።» ይስማማሉ፤ የማይስማማው የእኛ ሰዓት ነው። ሁዳዴ የሚውለው ፍጥነት በሚሠራበት ወቅት ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ልጅ ከባዱን ልምምድ ከጠዋት ወደ አመሻሽ አዛውሩለት። ከሽሮ በተጨማሪ ምስርና ባቄላ በየዕለቱ ይኑር። ሻይና ቡና ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ፤ ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ያግዛሉ። ይህ በተለይ ለሴቶቹ ነው።

ስለ ሴቶቹ ከተነሣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንዱ የእናቶች ነው፦ «ሩጫ ማኅፀኗን ይጎዳል፤ ነገ አትወልድም።» እናቶቹን በአክብሮት የምነግራቸው የደራርቱ ቱሉን ነው። ደራርቱ ልጅ ወልዳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ይህን ሰምተው ልጃቸውን የፈቀዱልኝ እናቶች አሉ።

ሁለተኛው ከአሰልጣኞች የሚመጣ ሲሆን ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል፦ «የወር አበባዋ ከቀረ በደንብ እየሠለጠነች ነው ማለት ነው።» ይህን በጆሮዬ የሰማሁ ሰው ነኝ። የወር አበባ መቅረት ብዙ ጊዜ ልጅቷ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ እየበላች እንደሆነ ያመለክታል፤ አጥንቷም እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ብሎ በሰነድ አውጥቶታል። ሦስት ወር የቀረባት ተማሪ ልምምዱ ይቀነስላት፣ ምግቧ ይጨመር፣ ወደ ሐኪም ትሂድ። ጥያቄውን ወንድ አሰልጣኝ ሜዳ ላይ በሰው ፊት አይጠይቅ። በእኛ ቡድን የክሊኒኳ ነርስ በወር አንድ ጊዜ ሴቶቹን ለብቻቸው ታነጋግራለች፤ ለእኔ የምትነግረኝ የማንን ልምምድ መቀነስ እንዳለብኝ ብቻ ነው።