ጓሮ፦ የደጋና የወይና ደጋ ቤት የክረምት በረከት

ጓሮ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ከመኖሪያ ቤት ጀርባ ወይም ጎን፣ በአጥር ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ የአትክልት፣ የቅመምና የመድኃኒት ተክል ቦታ ነው። ከዋናው እርሻ የሚለየው በስፋቱ ብቻ አይደለም። እርሻው በበሬ ይታረሳል፤ ጓሮው በዶማ ይቆፈራል። እርሻው በአንድ ማሳ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት እህል ሲይዝ፣ ጓሮው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ጎመን፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ አጎራብቶ ያበቅላል። የእርሻው አዛዥ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ሲሆን፣ ጓሮው ውስጥ ምን እንደሚተከል፣ ምን እንደሚነቀልና ለጎረቤት ምን እንደሚሰጥ የምትወስነው እማወራዋ ናት። ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴና ስለ ቡና ብዙ ተጽፏል። ጓሮ ግን ለቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ከእነዚህ ባይተናነስም የሚገባውን ያህል አልተወሳም። ይህ ዳሰሳ በተለይ በክረምት ወራት ጓሮው ለቤተሰብ የሚያበረክተውን ይመለከታል።

አፈሩና አጥሩ

የጓሮ አፈር ከሩቁ ማሳ አፈር የበለጠ ጥቁርና ለም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የምድጃ አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ የአተላ ዝቃጭና የከብት ፍግ በየቀኑ የሚደፋው እዚያ ነው። ፍግ ተሸክሞ እስከ ሩቅ ማሳ የሚሄድ ገበሬ ጥቂት በመሆኑ፣ የአንድ ገበሬ መሬት ለምነት ከቤት በራቀ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። የአፈር ባለሙያዎች ይህን በልኬት አረጋግጠዋል፤ እናቶቻችን ግን በጎመኑ ቅጠል ስፋት ሲያውቁት ኖረዋል።

አጥሩም ራሱ ተክል ነው። እንደየአካባቢው ቅንጭብ፣ ቁልቋል፣ ኮሽም፣ ቀጋ ወይም አጋም ይተከላል፤ በላዩ ላይ እንዶድ ይጠመጠማል። ኮሽም እሾሁ ከብት ሲያግድ፣ ብርቱካናማ መልክ ያለው ኮምጣጣ ፍሬው የልጆች ሲሳይ ነው። በትግራይ አጥሩን የያዘው ቁልቋል የሚሰጠው በለስ የሚበስለው በክረምት በመሆኑ ሐምሌና ነሐሴ የበለስ ወራት ናቸው። የሚለቀመው በማለዳ ነው። ፍሬው በሣር ወይም በቅጠል ተወልውሎ ደቃቁ እሾህ ከረገፈ በኋላ ሁለቱ ጫፎቹ በቢላ ይቆረጣሉ፤ መሐሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ይሰነጠቅና ልጣጩ በአውራ ጣት ሲገለጥ ፍሬው ሳይነካ ብቻውን ይወጣል። ለምዶ የያዘ ሻጭ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። በለስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ሲሆን፣ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሚስዮናውያን እጅ ነው ይባላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በገበሬው ቤት ይህ ጊዜ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት የእጥረት ወቅት ነው። በሌላ በኩል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የሚውሉበት፣ ምድር አረንጓዴ የሆነችበት ጊዜ ነው። ጓሮው ሁለቱን ያስታርቃል።

መጀመሪያ የሚደርሰው ድንች ነው። በበልግ ዝናብ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የተተከለው በሰኔና በሐምሌ ይቆፈራል። ብዙ ገበሬዎች ድንችን በክረምቱ አጋማሽ መትከል የማይወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባዱ ዝናብና ጉም ቅጠሉን በጥቂት ቀናት የሚያጠቁር በሽታ ያመጣል። ከተክሉ ሥር አፈሩን በእጅ ፈልፍሎ ትልልቁን ብቻ ለቅሞ ትንንሹን መልሶ መሸፈንም የተለመደ የጓሮ ዘዴ ነው።

ጎመን ክረምቱን ሙሉ አይጠፋም። የአበሻ ጎመን ከሥር ያሉት ቅጠሎች ሲቀነጠሱ ከላይ እያደገ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአንድ መደብ ለሳምንታት ይበላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት በመሆኑ የጓሮው ጎመንና ድንች ዋጋ በዚያን ጊዜ ይጎላል። ከዚያ በኋላ አበባ አውጥቶ ጎመን ዘር ይሆናል፤ ዘሩ የምጣድ ማሰሻ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ጎመንን የድሃ ምግብ አስመስሎት ቢቆይም፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተሠራ የክረምት ጎመን ከማንኛውም ወጥ ጎን መቅረብ የሚችል ነው።

በፍልሰታ መሐል ነሐሴ 13 ቡሄ ይውላል። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ጓሮዎች አንድ ወይም ሁለት ኮባ የሚተከለው በዋናነት ለዚህና ለመሰል ቀናት ነው። በደቡብ ከሥሩና ከግንዱ ቆጮና ቡላ የሚገኝበት የእንሰት ወገን፣ በሰሜን በቅጠሉ ብቻ ይፈለጋል። ለድፎ ዳቦ የሚሆነው ቅጠል ሳይቀደድ ይቆረጣል፤ መሐል ያለው ወፍራም አከርካሪ በቢላ ይሳሳል፤ ከዚያ እሳት ላይ ትንሽ ሲለበለብ ይለሰልስና እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ምጣዱ ላይ ተነጥፎ ሊጡ ይፈስበታል፤ ጫፎቹ ወደ ላይ ተመልሰው ይሸፍኑታል። ዳቦው ወጥቶ ቅጠሉ ሲላጥ የቅጠሉ መስመሮች ታትመውበት ይገኛሉ፤ ሽታውንም የትኛውም የፋብሪካ ዳቦ አያገኘውም።

የክረምቱ ዘውድ ግን እሸት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የተዘራው የጓሮ በቆሎ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይደርሳል። መድረሱ የሚታወቀው ጫፉ ላይ ያለው ጸጉር ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ነው፤ ያላመነ ደግሞ ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ይጫናታል። ውኃ ካወጣች አልደረሰም፤ ወተት ካወጣች ጊዜው ነው፤ ምንም ካላወጣች አልፎበታል። ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ በፍጥነት ስለሚቀንስ ከጓሮ በቀጥታ ወደ ፍም የሚሄደው በቆሎ ከገበያ ከተገዛው ይበልጣል። ፍሬው ከተበላ በኋላ ቆረቆንዳው ለማገዶ፣ ቅጠሉ ለከብት ይሆናል፤ አገዳውን ልጆች ይመጡታል። በቆሎ በደንብ በማይሆንበት ብርዳማ ደጋ ይህን ቦታ የሚይዘው ትንሽ ዘግይቶ የሚደርሰው የባቄላና የአተር እሸት ነው። እሸት ለጎረቤትና ለአላፊ አግዳሚ ሳያቀምሱ ብቻን መብላት በብዙ ቦታ ነውር ነው።

በበቆሎው መሐል ዱባና ቅል ይሳባሉ። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የተባለው በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን ሲያድጉ ካየ ሰው አፍ የወጣ ለመሆኑ አያጠራጥርም። ዱባው ተቀቅሎ ወይም ወጥ ሆኖ ይበላል፤ ቅሉ ደርቆ ውስጡ ከተጠረገ በኋላ የወተት መናጫ፣ የዘር ማስቀመጫ ወይም መጠጫ ይሆናል።

በበር አጠገብ ያሉት ተክሎች

ሽታ ያላቸው ተክሎች የሚተከሉት እጅ በቀላሉ በሚደርስበት፣ ለበር ወይም ለማዕድ ቤት ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። ጤና አዳም ቅጠሉ ግራጫ የመሰለ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ ነው። ቡና ሲፈላ አንድ ዘለላ ተቀንጥቦ ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው በርበሬ ውስጥ ይደለዛል፤ ቅጠሉ ከአይብ ጋርም ይስማማል። ለሆድ ቁርጠት ይጠቅማል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አብዝታ መውሰድ የለባትም፤ ማሕፀንን የማነሣሣት ባሕርይ አለው።

በሶብላ በዝናቡ ወቅት ይበቅልና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሐምራዊ ዘለላ ይይዛል። ያን ጊዜ ከነአበባው ተቆርጦ፣ በጥቅል ታስሮና ተዘቅዝቆ ይደርቃል፤ ሽሮና በርበሬ ያለ እርሱ ሙሉ አይባሉም። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር የሚገባ ነው። አሪቲና ጠጅ ሣር ለበዓል ከቄጤማ ጋር ይጎዘጎዛሉ። ግራዋ መራራ ቅጠሉ የጠላ ጋን ያጥባል። ጌሾ ደግሞ ለጠላና ለጠጅ የሚያስፈልግ፣ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመት የሚቆረጥ በመሆኑ ለሴቶች የራሳቸው የገንዘብ ምንጭ ነው።

ዳማ ከሴ የምች መድኃኒት ነው። ቅጠሉ በሁለት መዳፍ መሐል ይታሽና አረንጓዴ ጭማቂው ይጨመቃል፤ ይሸተታል፣ ሰውነት ይታሻል፣ ጥቂት ጠብታ ቡና ውስጥ ገብቶም ይጠጣል። በዘመናዊ ሕክምና ምን ያህል እንደተረጋገጠ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ በሽታው ሲነሣ ግን ያልተከለው ቤተሰብ ወደ ተከለው ጎረቤት ልጅ ይልካል።

ታሪክ

ስለ ጥንቱ ጓሮ በጽሑፍ የቆየው ጥቂት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ እንሰትንና ኮሶን በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። በቆሎና ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ስለሆኑ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በጓሯችን ሊኖሩ አይችሉም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ባለ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገብቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በእንትጮ አካባቢ ሹመት አግኝቶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በአገራችን ኖረ። የሰበሰባቸው የደረቁ ናሙናዎች በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተበትነዋል፤ የጦስኝ ሳይንሳዊ ስምም የእርሱን ስም ይዟል። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደሆነ በአብዛኛው ይጠቀሳል። ሰው በቶሎ አልተቀበለውም። ድንች በሰፊው የተስፋፋው ከክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያው ታላቅ ረኃብ ወዲህ ነው ይባላል፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ በጠፋበት በዚያ ዘመን በዶማ ብቻ የሚተከል ምግብ የተፈለገበት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም።

ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መደባት። ይህ ሀብት በአገር ልጆች እጅ እንዲጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘር ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረት ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት የተቀበለው ሌላው ሥራ መነሻው የአጥር ተክል ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ስለሆኑ፣ ግኝቱ በርካሽና በአገር ውስጥ በሚበቅል ፍሬ በሽታውን የመከላከል መንገድ ከፈተ። ሽልማቱን የተጋሩት ከምርምር ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው። የእንዶድን ሳሙናነት ለይተው ያቆዩት ስማቸው ያልተመዘገበ አጣቢዎች መሆናቸው እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል።

ጓሮ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ የሆነው በተለይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዘመደ አስፋው በዚህ ረገድ ቀዳሚ ሥራ ሠርተዋል።

በደቡብ

በጌዴኦ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በወላይታ ጓሮና እርሻ አይለያዩም፤ እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍና አትክልት ቤቱን ከብበው በአንድነት ይኖራሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህ ሥርዓት ራሱን የቻለ ሰፊ ዳሰሳ ይገባዋል።

በከተማ

የአዲስ አበባ ነባር ግቢዎች ጌሾ፣ ጎመንና ጤና አዳም ነበራቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ሰፋፊ ግቢዎች ተከፋፈሉ፤ በቀበሌ ቤቶች አንድ ጓሮ የብዙ ቤተሰብ ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ጓሮውን ወደ በረንዳ ወሰደው። ሥሩ የተበሳ ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ ቃሪያ፣ ቆስጣና በሶብላ ያበቅላል፤ ለበቆሎና ለዱባ ግን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በዋናነት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ቢያተኩርም የከተማ ነዋሪውን ዓይን ወደ ግቢው መልሷል።

በውጭ አገር

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በቤታቸው ጓሮ ያበቅላሉ። የአገሩ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር በወር ቢገጥምም ሙቀቱ ስለሚያይል ውኃ ማጠጣት ግድ ነው። በእስራኤል በጋው ጨርሶ ዝናብ የለውም፤ ቢሆንም ከኢትዮጵያ የሄዱ አረጋውያን በማኅበረሰብ የአትክልት ቦታዎች፣ በቧንቧ ጠብታ መስኖ፣ በቆሎና ጎመን ይዘራሉ። በሶብላ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ በአሜሪካ የሚዘራው የፀደዩ ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው የመኸር ውርጭ ሳይመታውም ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነው ዘር ከዘለላው ተፈልፍሎ በወረቀት ይቀመጣል። ጤና አዳም ቀላል ብርድ ስለሚቋቋም ከግድግዳ ጥግ ሊከርም ይችላል፤ ብርዱ በሚበረታበት አገር ግን በሸክላ ተተክሎ ወደ ቤት ይገባል።