አዋጁ ወጣ፤ ሰነዱስ? በመንገድና በግንባታ ውሎች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የወረዳና የከተማ ግዥ ባለሙያዎችን ሳሠለጥን ገና ስላይዱ ሳይከፈት አንድ ጥያቄ ይመጣል። «የመንግሥት ግዥ አዋጁ ተሻሽሏል አይደል? እንግዲህ አሁን ችግሩ ይቀረፋል።» ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን በቃ ሰልችቶኛል። ምክንያቱም ይህን የሚለኝ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የጨረታ ሰነድ ከቀድሞው ባለሙያ የወረሰው ነው፤ የቀድሞውም ከሱ በፊት ከነበረው ወርሶታል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«በመክፈቻው ቀን ዝቅተኛ ዋጋ የተነበበለት አሸንፏል።» አላሸነፈም። የተነበበለት ዋጋው ብቻ ነው። ሰነዱ ገና አልተመረመረም፣ ስሌቱም አልተጣራም። ነጠላ ዋጋው በመጠኑ ሲባዛ ሌላ ድምር የሚወጣበት ጊዜ ሞልቷል።

«ቅድመ ክፍያ ለኮንትራክተር የሚሰጥ ድጎማ ነው።» ብድር ቢባል ይቀላል። በፌዴራሉ የ2002 የግዥ መመሪያ ጣሪያው ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ ነበር። ዋስትና ይቀርብበታል፤ ከዚያም ለተሠራው ሥራ ከሚጸድቀው ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ ይመለሳል።

«ሪቴንሽን ቅጣት ነው።» አይደለም። ከየክፍያው እየተቀነሰ የሚያዝ መተማመኛ ነው። ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ግማሹ፣ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ አልቆ የመጨረሻው ርክክብ ሲፈጸም ደግሞ ቀሪው ይለቀቃል። ቅጣት የሚባለው የመዘግየት ጉዳት ካሳው ነው። አንቀጹም ሌላ ነው።

«ቅሬታ ያቀረበ ተጫራች ጥርስ ውስጥ ይገባል።» ሕጉ ቅሬታን መብት አድርጎታል። ቀኑ ግን አጭር ነው፣ መጀመሪያ የሚቀርበውም ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። ፌስቡክ ላይ ሲጽፉ ሰንብተው ቀኑ ካለፈ በኋላ ማመልከቻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ግን አሉ። እነሱን ማንም አያድናቸውም።

«ኢጂፒ መጣ፣ ሙስና ቀረ።» የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ሰነድ ልግዛ ሲሉ «አልቆብናል» የሚል ጸሐፊ የለም። ፖስታ አይጠፋም። ማን መቼ ምን እንዳስገባ ይታያል። ነገር ግን የተቆፈረውን ቦይ ሜትር ይዞ የሚለካው ኮምፒውተር አይደለም። የሰብቤዙ፣ ማለትም ከመንገዱ የላይኛው ንጣፍ ሥር የሚነጠፈው፣ ውፍረት ወረቀት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 12 ከሆነ ሥርዓቱ የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው።

«ሕጉ ርካሹን ምረጥ ይላል፤ እኛ ምን እናድርግ?»

ይህን ብዙ ጊዜ የምሰማው በክረምቱ ከፈረሰ መንገድ አጠገብ ከቆመ ኃላፊ ነው። ሕጉ እንዲያ አይልም። የሚለው፣ መጀመሪያ የቴክኒክ መስፈርቱን ያሟሉትን ለይ፤ ከነሱ መሀል በግምገማ ዝቅተኛ ዋጋ የተገኘበትን ምረጥ ነው። እና መስፈርቱን ማን ጻፈው? እናንተው። ያሟሉትን ማን ለየ? አሁንም እናንተው።

አንድ ከተማ ውስጥ የግምገማ ፋይል እያገላበጥኩ ሳለ ሦስት ተጫራቾች የሮለር ኪራይ ውል አያይዘው አገኘሁ። አከራዩ አንድ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም አንድ ነው። ኮሚቴው በሦስቱም ፊት ለፊት «አሟልቷል» ብሎ ራይት አድርጓል። ማንም ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አላስተያየም። ከዚያ በኋላ ያሸነፈው ድርጅት ሮለር አጥቶ ሲንከራተት «የዝቅተኛ ዋጋ ሕግ አስቸገረን» ተባለ።

ዋጋውን ማየትም ድምሩን ማየት ብቻ አይደለም። ነቄ የሆነ ተጫራች የአፈር ቆረጣውንና የሳይት ዝግጅቱን ዋጋ ይሰቅላል፤ የከልቨርቱን (ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን)፣ የድጋፍ ግንቡንና የዲቹን (የመንገድ ዳር ቦዩን) ያወርዳል። ድምሩ ያማረ ነው። መጀመሪያ የሚሠራውን ሠርቶ ይከፈለዋል። ተራው የከልቨርቱ ሲሆን ስልኩ አይነሳም። ይህን ለመያዝ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የእያንዳንዱን ዝርዝር ዋጋ ከመሐንዲሱ ግምት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የራቀውን አስረዳኝ ማለት ነው የሚያስፈልገው። ችግሩ፣ የመሐንዲሱ ግምት ራሱ የአምናው ግምት ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው።

«አዋጁ ከተሻሻለ ሁሉም ነገር ተሻሽሏል።»

መጣሁ ወደዚህችው።

እውነት ነው፣ የፌዴራሉ አዋጅ ተለውጧል። ለ15 ዓመት የሠራንበት አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ጥሩ። ግን ወረዳ ላይ ያለ ሰው አዋጅ ከፍቶ ጨረታ አያወጣም። የሚከፍተው መመሪያውን ነው። ከመመሪያውም ይልቅ መደበኛ የጨረታ ሰነዱን ነው። ከመደበኛ ሰነዱም ይልቅ፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ባለፈው ዓመት የወጣውን ጨረታ ፋይል ከፍቶ ስም ቀይሮ «ሴቭ አዝ» ይላል። አዋጁ ላይ የተጻፈ ነገር እዚያ ፋይል ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለኮንትራክተሩም ለመንገዱም የለም።

የሰነድ ዕድሜ የሚታወቅበት ቀላል ዘዴ አለኝ። ስሞቹን አያለሁ። የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር «ኤጀንሲ» የሚል ካገኘሁ አሮጌ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አሁን ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች «ባለሥልጣን» የሚል ካለም እንደዚያው፤ እሱ ደግሞ አሁን አስተዳደር ነው። አንዱ ከፍ ሲል አንዱ ወረደ ብለው የሚቀልዱ አሉ። ስሙ ካልተቀየረ ውስጡ ተቀይሯል ብዬ አላምንም። እስካሁንም ብዙ አላሳፈረኝም።

አንድ ማዘጋጃ ቤት ያወጣውን የጠጠር መንገድ ሰነድ ላሳያችሁ። ሽፋኑ ላይ የራሱ ስምና ማኅተም አለ። ልዩ የውል ሁኔታዎች የሚለውን፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሞላውን ክፍል ስገልጥ አለመግባባት ቢፈጠር የሚታየው በሌላ ከተማ ፍርድ ቤት ነው ይላል። ያ ከተማ ዞኑም አይደለም። የሥራው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የዋጋ ማስተካከያ፣ ማለትም የግብዓት ዋጋ ሲለዋወጥ ክፍያው የሚስተካከልበት፣ የሚለው ቦታ ላይ «አይመለከትም»። የመዘግየት ካሳው መጠን የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ብቻ፦ ምንም አልተሞላበትም። ውሉ ተፈርሟል። ገጽ በገጽ ፓራፍ ተደርጎበታል። ባዶው ነጠብጣብ ሥር ሁለት ፊርማ!

ይህ ሰነድ የትኛውም አዋጅ ቢወጣ ያው ነው። ሥራው ሲዘገይ ቅጣት መጣል አይችሉም፣ ምክንያቱም ቁጥር የለም። ሲከሰሱ የት እንደሚቆሙ አያውቁም። እና ስብሰባ ላይ «የሕግ ማዕቀፉ ክፍተት አለበት» ይባላል። የምን የሕግ ማዕቀፍ? ሦስት ገጽ ሞልታችሁ ብትጨርሱ ኖሮ!

ከዚህ የምትወለድ ሌላ ስህተት አለች። «የፌዴራሉ አዋጅ በቀጥታ ለእኛም ይሠራል።» አዋጁ ስሙም የፌዴራል መንግሥት ይላል። ክልሎች የራሳቸው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ አላቸው፣ አዲስ አበባም እንደዚያው። የክልሉ ሕግ ከፌዴራሉ ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። መመሳሰሉ ነው እንግዲህ የሚያሳስተው። አንድ የወረዳ ግዥ ኮሚቴ የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሶ ተጫራች ጣለ። ተጫራቹ የክልሉን መመሪያ ይዞ መጣ፣ ጨረታው ተሰረዘ፣ በጋውም አለፈ። የመንገድ ሥራ ላይ በጋ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

ከተሞች ላይ ሌላ ድርብርብ አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም የራሱ መመዘኛዎች ነበሩት። የሁለትዮሽ ብድር ያለበት ሥራ ደግሞ ከስምምነቱ ጋር የሚመጣ ደንብ ይኖረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ገንዘቡ የማን ነው?» ሊሆን ይገባል። የኮብልስቶኑ ብር ከከተማው ገቢ ከሆነ አንድ መንገድ ነው፤ ከፕሮግራም ከሆነ ሌላ።

«የዋጋ ማስተካከያ ኮንትራክተር ማበልጸጊያ ነው።»

የምክር ቤት አባላት የሚወዱት አባባል ነው። ይገባኛል፤ የጸደቀ በጀት ላይ ሌላ ብር ጨምሩ ሲባል ማንም ደስ አይለውም። ግን አስቡት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሬንጅ ከውጭ ነው የሚመጣው። የግሬደሩ ጎማና መለዋወጫም እንደዚያው። በአሮጌው ዋጋ አስፋልት አልብስ የተባለ ሰው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ውፍረቱን ይሰርቃል። ሦስተኛ አማራጭ ያለው ሀብታም ነው፤ ሀብታም ደግሞ የቀበሌ መንገድ ላይ አይጫረትም።

በቀድሞው የፌዴራል አሠራር ከ18 ወር በላይ ለሚቆይ የግንባታ ውል ማስተካከያ ይፈቀድ ነበር፣ በቀመር። ቀመሩ ሲሠራ ዋጋ ከወረደም ይቀንሳል፤ ይህን ማንም አይናገርም። ግን ቀመሩ የሚሠራው የየግብዓቱ ድርሻና የዋጋ መነሻው ምንጭ ውሉ ላይ ከተጻፈ ነው። «አይመለከትም» ብሎ የፈረመ ሰው በኋላ ደብዳቤ ቢያዘንብ ቀመር አይወለድለትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ላይ ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚኬድበትን መንገድ አስቀምጧል። መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ ጠበቃም ይፈልጋል።

«ውላችን በአዲሱ ሕግ ይታይልን።» የተፈረመ ውል በተፈረመበት ሕግና ሰነድ ነው የሚቀጥለው። አዲሱ ስለተመቸ መዝለል የለም። ይህ ለሁለቱም ወገን ነው፤ ለከንቲባውም ለተቋራጩም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፦ በሚቀጥለው ጨረታ ከማስታወቂያው በፊት አንድ ከሰዓት ብቻ ቁጭ በሉ። መሐንዲሱ፣ ግዥው፣ የሕግ ባለሙያውና ፋይናንሱ አንድ ክፍል ውስጥ። የአምናውን ፋይል ዝጉት። የክልላችሁን የአሁኑን መደበኛ ሰነድ ከገንዘብ ቢሮው በደብዳቤ አስመጡ፤ ከጓደኛ በቴሌግራም አይደለም። ልዩ የውል ሁኔታዎቹን እያንዳንዷን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የመዘግየት ካሳው ስንት ነው፣ ጣሪያውስ? ክፍያ በስንት ቀን ይፈጸማል? ካልተፈጸመስ? ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ በራሱ ሥልጣን እስከምን ያህል የሥራ ለውጥ ማዘዝ ይችላል? ወሰን ማስከበሩ አልቋል ወይስ መብራት ኃይል ምሰሶውን እስኪያነሳ ኮንትራክተሩ ቆሞ ሊያስከፍላችሁ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። እስካሁን ካየኋቸው የይገባኛል ጥያቄዎች ብዙዎቹ የጀመሩት ሳይቱን ነፃ ሳያደርጉ «ሥራ ጀምር» የሚል ደብዳቤ ከጻፉ ቢሮዎች ነው።