የጋሪ መንኮራኩር ሻንደሊየር፦ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የድሮ ዕቃ በሚሸጥባቸው ገበያዎች የጋሪ መንኮራኩር ሻንደሊየር አይጠፋም። የእንጨት መንኮራኩር በጀርባው ተኝቶ በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ዙሪያውን አምፖሎች ይደረደሩበታል፤ ብዙ ጊዜም የፋኖስ መስታወት ይለብሳሉ። አዲስ ቤት ገዝተው ሳሎን የሚያሳምሩ ወገኖቻችንም ዓይናቸው ያርፍበታል።

እኔ ይህን መብራት በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ሰው በሻጭ ተረት ተማርኮ ብዙ ሲከፍል ወይም ያረጀ ሽቦ ከልጆቹ አናት በላይ ሲሰቅል ዝም ማለት አልችልም። ከታች በጥቅስ ያሉት ርዕሶች ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የጥንት ሰፋሪዎች ቤታቸውን ያበሩ የነበረው በዚህ ነው»

ሻጮች ይህን ታሪክ ይወዱታል። በ1800ዎቹ ሸራ በለበሰ ጋሪ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተጓዙ ቤተሰቦች፣ ሲደርሱ መንኮራኩሩን ነቅለው ጣሪያ ላይ ሰቀሉት ይባላል። አያስኬድም። መንኮራኩር ከጋሪው አካል ሁሉ ለመሥራት ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ጋሪ የሌለው ገበሬ ደግሞ እህሉን ገበያ አያደርስም፣ ማገዶውንም አያመጣም። ቢሰበርበት ያስጠግነዋል እንጂ ለጌጥ አያውለውም። ማታ የሚበራው ሻማ ወይም የላምባ ፋኖስ ነበር።

ፋሽኑ የመጣው ጋሪ ሥራ ከፈታ በኋላ ነው። በ1852 ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ ላይ ሥራ የጀመሩት የስቱድቤከር ወንድማማቾች ከታላላቆቹ የጋሪ አምራቾች ተርታ ደርሰው ነበር። እነሱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ መኪና አዞሩ። በየእርሻው ጥግ የተጣለ መንኮራኩር በዛ። በዚያው ዘመን ከተሜው ለእረፍት ወደ ምዕራቡ የከብት እርባታ ቦታዎች መሄድ ለመደ፤ ባለቤቶቹም እንግዳው የሚጠብቀውን የካውቦይ ድባብ መፍጠር ነበረባቸው። ቶማስ ሞልስዎርዝ በ1931 በዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ የከፈተው የቤት ዕቃ ድርጅት በዚህ ስታይል ስሙ የገነነ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካውቦይ ታሪክ በቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ፣ የመንኮራኩር መብራትም ተከትሎ ወደ ተራው ሰው መመገቢያ ክፍል ገባ። ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

ክብ ሆኖ የሚንጠለጠል መብራት ራሱ ግን ከአሜሪካ በብዙ ይቀድማል። ጀርመን ውስጥ በሂልደስሃይም ካቴድራል የ11ኛው ክፍለ ዘመን ግዙፍ ክብ ሻንደሊየር አለ። አኽን ካቴድራል ያለው ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠው ነው። ሠሪዎቹ የጋሪ መንኮራኩር አላሰቡም። ክቡ ግንብና በር ተሠርቶለት ሰማያዊት ኢየሩሳሌምን እንዲያሳይ ነው የታሰበው።

«ካረጀ አንቲክ ነው»

አይደለም። በንግዱም በአሜሪካ ጉምሩክም የተለመደው መለኪያ 100 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ቢያንስ 20 ዓመት ከሞላው፣ ቪንቴጅ ይባላል። እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። መንኮራኩሩ የ1890ዎቹ ሆኖ መብራት የተደረገው በ1960ዎቹ ሊሆን ይችላል። እንጨቱ አንቲክ ነው፤ ሻንደሊየሩ ግን ቪንቴጅ ነው። ሻጩ «አንቲክ ሻንደሊየር» ብሎ ዋጋ ሲቆልል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ ቀላል ምርመራ ላካፍላችሁ። መብራቱን ከእንጨቱ ጋር ያያያዙትን ብሎኖች ተመልከቱ። በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈቱ ከሆኑ፣ ያ ዓይነት ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። በእርግጥ ኋላ ላይ ተቀይረውም ይሆናል። ግን «የ1880 መብራት ነው፣ ማንም አልነካውም» ከተባለ ወሬው እዚያው ላይ ይፈርሳል።

«መንኮራኩሩ ሁልጊዜ ከእውነተኛ ጋሪ የወጣ ነው»

ብዙዎቹ ከጋሪ ጋር ተገናኝተው አያውቁም። ከመጀመሪያው ለመብራት ብለው በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ብቻ ጎንበስ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

እውነተኛው ዝርግ አይደለም። ከጎኑ ስታዩት ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱት ዘንጎች ትንሽ ዘንበል ብለው፣ መንኮራኩሩ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ይህ ስህተት ወይም እርጅና አይደለም። ፈረስ ሲራመድ ጋሪው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ያ ዘንበል ማለት የጎን ግፊቱን እንዲቋቋም ያደርገዋል። መሃሉ ላይ ያለው እምብርትም ወፍራም ነው፣ ወደ ውጭ ጎልቶ ይወጣል፣ የብረት ቀበቶም አለው። ቀዳዳው ውስጥ የአክስሉ ብረት ሲፈጋበት የኖረ ብረት ይታያል። አንዳንዴ የደረቀ ግራሶ እስካሁን አለ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የውጭው የብረት ቀለበት ነው። ባለሙያው ቀለበቱን ሆን ብሎ ከእንጨቱ ትንሽ ያሳንሰዋል። ከዚያ እሳት ውስጥ አግሎ፣ ብረቱ ሲሰፋ እንጨቱ ላይ ያጠልቀዋል። እንጨቱ መጨስ ሲጀምር ውሃ ይቸልስበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መገጣጠሚያውን ሁሉ ጨምቆ ይይዛል። ያለ ሙጫ ነው ይህ ሁሉ! በመንገድ የኖረ ቀለበት ጠርዙ ተበልቶ፣ በድንጋይ ተጫጭሮ ታገኙታላችሁ።

የፋብሪካው ግን ዝርግ ነው። ዘንጎቹ ቀጫጭንና አንድ ዓይነት ናቸው፣ እምብርቱም ለይምሰል የተለጠፈ ነው። ይህ ማለት ግን መናቅ አለበት ማለት አይደለም። ቀላል ነው፣ ለመስቀል ይመቻል፣ የ1950ዎቹ ጥሩ ሥራ በራሱ ያምራል። የሚከፋው የፋብሪካውን በእውነተኛው ዋጋ መግዛት ነው።

«የድሮው አምፖል የተሰቀለበት ቦታ ይችለዋል»

ይህን ቶሎ አልፌ አልሄድም፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። እውነተኛ መንኮራኩር ከነብረቱ፣ ከነሰንሰለቱና ከነመስታወቱ በአስሮች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ መሠረት ጣሪያ ላይ ያለው ተራ የመብራት ሳጥን የሚሸከመው እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ወይ ለክብደቱ ተብሎ የተሠራ ሳጥን ያስፈልጋል፣ ወይ ሸክሙ በቀጥታ ለጣሪያው አግዳሚ እንጨት ይሰጣል። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት መዝኑት። የቤት ሚዛን ላይ እሱን አቅፎ መቆም፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ ነው።

አገር ቤት ለምትሰቅሉ ደግሞ፦ ቺፕውድም ሆነ ጂፕሰም ኮርኒስ ለዚህ አይታመንም። ሰንሰለቱ ኮርኒሱን አልፎ ሶሌታው ላይ በጠንካራ ብሎን መያዝ አለበት። የፕላስቲክ ፊሸር አይበቃም።

«ከበራ ሽቦው ጤነኛ ነው»

አምፖል በተላጠ ሽቦም ይበራል። የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ መብራቶች ብዙ ጊዜ ሽቦአቸው ጎማ የለበሰና በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ጎማው በጊዜና በአምፖል ሙቀት ይደርቃል፤ ስታጥፉት እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። የአምፖል መያዣው አጠገብ ያለውን ጫፍ በመጀመሪያ እዩ፤ ሙቀቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ከሥሩ ደረቅ እንጨት መኖሩን አትርሱ። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆነውን ሳታመነቱ ሽቦውን በሙሉ በኤሌክትሪሺያን አስቀይሩ። የመሬት ሽቦም ይጨመርለት። ውበቱን አይነካም፤ ሽቦው በሰንሰለቱ መሃል ተሸምኖ ያልፋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጥያቄ አለ። ከአሜሪካ አዲስ አበባ የሚልኩ ሰዎች «120 ቮልት ነው፣ ትራንስፎርመር ካልተገዛለት ይቃጠላል» ይላሉ። አያስፈልገውም፤ ተራ የአምፖል ሻንደሊየር ውስጡ ሽቦና መያዣ ብቻ ነው። ባለ 220 ቮልት አምፖል ይደረግለታል፤ ሽቦውና መያዣው ግን ለ250 ቮልት የተፈቀዱ መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ መያዣው ላይ ታትሞ ይገኛል። ካልተጻፈ ሽቦው ሲቀየር በዚያው አገር ቤት የተለመደውን የE27 መጠን ፖርታላምፓ (የአምፖል መያዣ) ማስገጠም ነው።

«ብርጭቆ ወረቀት ነክቶት ቫርኒሽ ቢቀባ አዲስ ይሆናል»

እባካችሁ አታድርጉት። የድሮ ጋሪ ሥረኛው ክፍል፣ መንኮራኩሩን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ይቀባ ነበር፤ የዘመኑ ቀለም ደግሞ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነበረበት። አሜሪካ ሊድ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ደረቁን ስትፍቁት ብናኙ አየር ላይ ይወጣል፣ ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። ዋጋውንም ራሳችሁ ትፍቁታላችሁ፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ለተላላጠ ቀለም ነው። በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። ከትንንሽ ቀዳዳዎች አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ነቀዝ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ሳይታከም ቤት አይግባ።

«በጣም ሰፊ ቤት ካልሆነ አይሆንም»

የፋብሪካዎቹ ትንንሽም አሉ። መጠኑን ለማወቅ የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በሜትር ደምሩና በ8 አባዙ፤ የሚመጣው የሻንደሊየሩ ስፋት በሴንቲሜትር ነው። ባለ 4 በ5 ክፍል 72 ሴንቲ ገደማ ይፈልጋል። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ከሆነ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ከፍ ይበል። ሰው የሚያልፍበት ከሆነ ከወለሉ ከ2.1 ሜትር አይውረድ።

የእውነተኛው ጋሪ የኋላ መንኮራኩር ግን ከ1.2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የፊቱ ያንሳል። ስለዚህ ክፍላችሁ መካከለኛ ከሆነ የፊቱን ፈልጉ። በር ያስገባው እንደሆነም አስቀድማችሁ ለኩ።