«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ታውቃለች፣ ግን ማን ይጨርሳል?

ይህን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። «ያልቃል» የሚለው ቤት እንዲመታ ተቆርጦ «ያልቅ» ሆኗል። ሴት የቱንም ያህል አዋቂ ብትሆን ነገሩ የሚቋጨው በወንድ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ተረቱ «ሴት አታውቅም» አይልም። ማወቋንማ ያምናል። የሚነፍጋት መጨረሻውን ነው።

አነጋገሩ የሽምግልና ዛፍ ጥላ ይሸተኛል። ወሎ ውስጥ አበጋሮች ለእርቅ ሲቀመጡ ሴቷ የጠቡን ሥር ታውቀዋለች። የሚናገርላት ግን ባሏ ወይ ወንድሟ ነው። ሕጉም ብዙ ዘመን ከተረቱ ጋር ቆሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ይለው ነበር። ይህ የቀረው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሲመጣ ነው።

ደግሞ ወሎ ይህን ተረት መተረቷ ያስቀኛል። በቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ ወርቂት የምትባል ገዢ ነበረች። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጥ እጇ ገባ። ልጇ ደግሞ ቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። ልጇ ተገደለ፤ እሷም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። በማን አለቀ ታዲያ?

ወደ ዛሬው እንምጣ። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ውስጥ አንድ ግንባታ ጋ ቆሜ ነበር። የሳምንት ሒሳብ ሲከፈል ነው። ካቦው ደብተሩን ገልጦ ባሬላ ስትሸከም የዋለችውን ሴት ይጠይቃል።

«ከድር ስንት ቀን ገባ?»

«አራት ተኩል። ማክሰኞ ልጁ ታሞበት ግማሽ ቀን ነው የሠራ።»

የሁሉንም ቀን በቃሏ ነው የያዘችው። እሱ ያለችውን ይጽፋል። ብሩ ሲቆጠር ግን የከድር የቀን ሒሳብ ከሷ ይበልጣል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«ወንዱ ሲሚንቶ ያወርዳላ!» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ሲሚንቶ የጫነ መኪና ዝር አላለም። እሷ ግን ስድስት ቀን ሙሉ ባሬላ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ነው የከረመችው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይገባቸዋል ይላል። ማምለጫዋ ያቺ «ተመሳሳይ» የምትለው ቃል ናት። ሥራው ሌላ ስም ከተሰጠው ክፍያውም ሌላ ይሆናል። ፋብሪካ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ የስፌት ሥራ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ወደ ደመወዝ አመጣ፤ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የተቀመጡ ወንድና ሴት እኩል ቢከፈላቸው እንኳ፣ ጥያቄው ሱፐርቫይዘር የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው። ለኔ የ«ያልቅ» ዛሬው ትርጉም እዚያ ነው። ዋናው የደመወዝ ልዩነትም የሚወለደው እዚያው ይመስለኛል።

ካቦው ደብተሩን አጠፈ። «ሰኞ ስንት ሰው ይበቃናል?» አላት።

«ሰባት» አለች፣ ነጠላዋን እያራገፈች።

ስልኩን አውጥቶ ለግንባታው ባለቤት ደወለ። «አስቤበታለሁ፣ ሰባት ሰው ይበቃል» ሲለው ሰማሁት።