ኤክስማስ፦ የስሙ ትርጉምና የምኅጻረ ቃሉ አመጣጥ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የጌታን ልደት በዓል «ክሪስማስ» ይሉታል። ሲያሳጥሩት ደግሞ መስቀለኛ ቅርጽ ያላትን «ኤክስ» የተባለች ፊደል ያስቀድሙና «ማስ» የሚለውን ያስከትላሉ። በዓሉ በደረሰ ቁጥር በዚህ አጻጻፍ ላይ «ክርስቶስን ከገዛ በዓሉ አወጡት» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ወቀሳው የሚመጣው ፊደሏን የላቲን ፊደል ብቻ አድርጎ ከማየት ነው። መነሻዋ የግሪኩ «ኺ» ነው፤ በግሪክኛ «ክርስቶስ» የሚለው ስም የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ነው።

ሙሉው ስም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «ክርስቶስ» ሲሆን፣ ይህም «የተቀባ» ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ «መሲሕ» የሚለው ቃል የግሪክኛ ትርጉም ነው። ሁለተኛው «ማስ» ቅዳሴ ነው። የመጣውም «ሚሳ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ሥሩ «መላክ፣ ማሰናበት» የሚል ግሥ ነው። በላቲን ሥርዓተ ቅዳሴ ሕዝቡ የሚሰናበተው «ኢተ፣ ሚሳ ኤስት» ተብሎ ነው፤ የማሰናበቻው ቃል ውሎ አድሮ የጠቅላላው አገልግሎት መጠሪያ ሆነ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ስሙ «ክሪስተስ ማሰ» ሲሆን ትርጉሙ «የክርስቶስ ቅዳሴ» ነው፤ በጽሑፍ ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ የ1038 እ.ኤ.አ. ነው። «ልደት» የሚል ቃል በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ የለም።

በዚህ መልክ የተሰየሙ ሌሎች የእንግሊዝ በዓላትም አሉ፦ ሚክልማስ (የቅዱስ ሚካኤል፣ መስከረም 29 በአውሮፓ አቆጣጠር)፣ ካንድልማስ (የሻማ ቅዳሴ፣ የካቲት 2)፣ እንዲሁም ላማስ (የዳቦ ቅዳሴ፣ ነሐሴ 1)። በመጨረሻው ስም ውስጥ ዳቦ የሚለው ቃል ተሸርሽሮ ስለቀረ ዛሬ በጆሮ ብቻ አይለይም። በሌሎች ቋንቋዎች ግን ልደቱ ራሱ ይጠራል፤ የጣሊያንኛው «ናታሌ»፣ የስፓኒሽኛው «ናቪዳድ»ና የፈረንሳይኛው «ኖኤል» ከላቲኑ የልደት ቃል የመጡ ናቸው። ግሪኮች «ክሪስቱጌና» ይላሉ፤ የእኛው «ገናም» የዚያው የግሪክኛ ቃል ዘመድ እንደሆነ ይነገራል።

ማሳጠሩ ከእንግሊዝኛ ቋንቋ እጅግ ይቀድማል። በጥንታዊ የግሪክ ብራናዎችና ፓፒረሶች ላይ ጸሓፍት እንደ «እግዚአብሔር»፣ «ጌታ»፣ «ኢየሱስ»ና «ክርስቶስ» ያሉትን ቅዱሳት ስሞች በልዩ አጻጻፍ ያኖሯቸው ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የቃሉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል ጽፈው ከላይ አግድም መስመር ያሰምሩበታል። ቃላቱ አጫጭር ስለሆኑ የሚተርፈው ቦታ እዚህ ግባ አይባልም፤ መስመሩም ስሙን ከሌላው ጽሑፍ ለይቶ ያሳያል። ስለዚህ ልማዱን ከቁጠባ ይልቅ በአክብሮት መተርጎም ያሳምናል። ዛሬም በግሪክ ሥዕለ አድኅኖ ላይ በጌታ ራስ ግራና ቀኝ እነዚሁ አጫጭር ስሞች ይታያሉ።

ሌላው መንገድ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ «ኺ»ንና «ሮ»ን፣ አንዱን በሌላው ላይ አጣምሮ መጻፍ ነው። ይህ ምልክት በተለይ ከንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ጋር ታውቋል። ችግሩ «ሮ» ከላቲኑ «ፒ» ጋር አንድ መልክ ያላት መሆኗ ነው፤ ግሪክኛ የማያውቅ አንባቢ «ኤክስ፣ ፒ» ብሎ ያነባታል። በኢየሱስ ስም ላይም ተመሳሳይ ስሕተት ደርሷል። የስሙ ሦስት የመጀመሪያ ፊደላት «ኢዮታ፣ ኤታ፣ ሲግማ» ናቸው፤ ላቲኖች ኤታን እንደ «ኤች» ስላዩዋት ሦስቱን ፊደላት «ኢየሱስ የሰዎች መድኃኒት» ለሚል የላቲን ሐረግ ምኅጻር አድርገው ተረጎሟቸው። ትርጓሜው ያማረ ነው፤ ግን በኋላ የተፈጠረ ነው።

የእንግሊዝ ጸሓፍት ይህንን ልማድ ከላቲን መጻሕፍት ወረሱ። በጥንታዊ ዜና መዋዕሎቻቸው ውስጥ የበዓሉ ስም በ«ኺ»ና በ«ሮ» ተጀምሮ ይገኛል። በ1551 በተጻፈ ጽሑፍ «ኺ»ን ብቻ የያዘ አጭር መልክ ይታያል፤ ባለቅኔው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ደግሞ በ1799 በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ተጠቅሟል። ስለዚህ አጻጻፉ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ የፈጠሩት አይደለም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚመች ግን በደንብ ተጠቅመውበታል።

በአነባበብ ረገድ ትክክለኛው ልማድ «ዶ/ር» ተጽፎ «ዶክተር» እንደሚባለው ነው፦ አጥሮ ይጻፋል፣ ሙሉው «ክሪስማስ» ይነበባል። ሆኖም ፊደሏን በስሟ ጠርቶ «ኤክስማስ» ማለት በጣም ተስፋፍቶ መዝገበ ቃላትም ይመዘግቡታል። ሲጻፍ አንድ ቃል ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ ትሆናለች፣ ነጥብም ሰረዝም አይገባም። ለፈጣን ማስታወሻ፣ ለሰሌዳና ለአጭር መልእክት ይስማማል። በመደበኛ ጽሑፍ፣ በቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብርና በግብዣ ደብዳቤ ላይ ግን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል፤ አመጣጡን የማያውቅ ተቀባይ ቅር ሊሰኝ ይችላል። «ክርስቲያን» የሚለውም ቃል በዚሁ ፊደል ያጥራል፤ ይህ ግን በመንፈሳዊ ተማሪዎች ማስታወሻ ውስጥ እንጂ በጋዜጣ ብዙ አይታይም።

በኮምፒውተር ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ይቀራል። የግሪኳ «ኺ»ና የላቲኗ «ኤክስ» ለዓይን አንድ ቢመስሉም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጡበት ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ለአመጣጡ ታማኝ ለመሆን ብሎ የግሪኳን የሚያስገባ ሰው ቃሉ በፍለጋ ላይገኝለት፣ በፊደል ማረሚያም በቀይ ሊሰመርበት ይችላል። የሚጻፈው በላቲኗ ነው።