ስለ ፊሊፒኖች የገና የሩዝ ኬክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቢቢንካ በፊሊፒን ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ባሉት ዘጠኝ ማለዳዎች፣ ምእመናን ሲምባንግ ጋቢ የተባለውን የንጋት ቅዳሴ ጨርሰው ሲወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በትኩሱ ገዝተው የሚበሉት የሩዝ ኬክ ነው። በቤይሩትና በዱባይ ከፊሊፒናውያን ጋር የሠሩ እኅቶቻችን ጣዕሙን ያውቁታል፤ ዳቦና ኬክ መጋገር ስለማስተምርም አሠራሩን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ችግሩ ጥያቄው መልሱን ይዞ መምጣቱ ነው፤ «ያው ኬክ አይደል? በስንዴው ፋንታ የሩዝ ዱቄት አድርጌ በ180 ዲግሪ 45 ደቂቃ አቆየዋለሁ» ይሉኛል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ጥቃቅኖቹን ላንሣ።

ሐምራዊው ኬክ ቢቢንካ አይደለም። እርሱ ፑቶ ቡምቦንግ ይባላል፤ በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል፣ ቀለሙንም በጥንቱ አሠራር የሚያገኘው ፒሩሩቶንግ ከተባለ ጠቆር ያለ ሩዝ ነው።

የኮኮናት ውሃ የኮኮናት ወተትን አይተካም። ውሃው በፍሬው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ወተቱ ግን የተፈቀፈቀው ሥጋ ታሽቶና ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ያለው ነገር ነው።

«በጣፋጭ ላይ ጨዋማ እንቁላል ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ከላይ የሚደረደረው በጨው የቆየ የዳክዬ እንቁላልና ኬሶንግ ፑቲ የሚባለው ለስላሳ ነጭ አይብ ጌጥ አይደሉም፤ የስኳሩንና የኮኮናቱን ክብደት የሚሰብሩት እነርሱ ናቸው። የዳክዬ እንቁላል ካጡ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ በደንብ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ያቆዩና ይቀቅሉት። በአይቡ ፋንታ ውሃው በሚገባ የተጠለለ የእኛ አይብ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ያገለግላል።

አሁን ወደ 180 ዲግሪው። ቢቢንካ በአገሩ የሚጋገረው በሸክላ ምድጃ ነው፤ ሊጡ የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት ድስት ውስጥ ይፈስሳል፣ ከሥሩ ፍም አለ፣ ከላዩም ፍም የተሸከመ ክዳን ይደፋበታል። ድፎ ዳቦን በኮባ ጠቅልሎ በላይና በታች እሳት የሚጋግር ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተማሪ ሊያስፈልገው አይገባም ነበር፤ ሆኖም ያው ሰው ኦቨን ፊት ሲቆም እሳት ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የስንዴ ሊጥ ግሉተን ስላለው፣ በውስጡ የሚፈጠረውን አየር እንደ መረብ ይዞ ቀስ ብሎ ለመብሰል ጊዜ አለው። ሩዝ ግን ምንም ዓይነት ግሉተን የለውም፤ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣቸው አረፋዎች የሚይዛቸው አጥተው ወደ ላይ እያመለጡ ይጠፋሉ፣ የዱቄቱም ቅንጣት ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህን የሚከላከለው ኃይለኛና ፈጣን ሙቀት ነው፤ አረፋው ሳያመልጥ የሩዙ ስታርች ውሃውን ጠጥቶ መርጋት አለበት። በዝግታ የተጋገረው ሥሩ እንደ ገንፎ የታመቀ፣ ላዩ የገረጣ፣ ዳሩ የደረቀ ይሆናል። አንዲት ተማሪዬ ይህን አላምንም ስላለችኝ አንዱን ሊጥ ለሁለት ከፍለን፣ ግማሹን በእርሷ 180፣ ግማሹን በእኔ 230 ጋገርነው፤ ሁለቱን ከቆረጠች በኋላ ክርክሩ አልቀጠለም።

ስለዚህ ኦቨኑን አስቀድመው እስከ 230 ዲግሪ ያግሉት። የሙዝ ቅጠሉን በእሳት ላይ እያሳለፉ እስኪለሰልስ ካሞቁት በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ውስጥ ያንጥፉት፤ የሙዝ ቅጠል ከሌለ ኮባ ይበቃል። 1 ኩባያ የሩዝ ዱቄት፣ ሦስት ሩብ ኩባያ የኮኮናት ወተት፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤና ትንሽ ጨው ይበቃዋል። ደረቅ ዱቄት ከሆነ በኮኮናቱ ወተት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ አለበለዚያ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ ቤኪንግ ፓውደሩንም ወደ ኦቨን ሊያስገቡት ሲሉ ብቻ ይጨምሩ። ከ12 ደቂቃ ገደማ በኋላ ላዩ መርጋት ሲጀምር እንቁላሉንና አይቡን ደርድረው ይመልሱት፣ በመጨረሻም የላይኛውን እሳት ብቻ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ይልቀቁበት። ላዩ ነብርማ ጠቃጠቆ ካላወጣ አልበሰለም። ሲወጣ ቅቤ ይቀባል፣ ስኳርና የተፈቀፈቀ ኮኮናት ይነሰነስበታል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣው ሌላው ስሕተት «የሩዝ ዱቄት ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ነው። አይደለም። የሚጣበቀው ሩዝ አሚሎስ የሚባለው የስታርች ዓይነት ከሞላ ጎደል ስለሌለው ሲበስል ይሳባል፤ ቢኮ ለሚባለው በድስት ለሚማሰል የሩዝ ጣፋጭ ተስማሚ ሲሆን ቢቢንካን ግን ሙጫ ያደርገዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መደብሮች ከሚገኘው ባለሦስት ራስ ዝሆን ምልክት ካለበት የታይላንድ ዱቄት ቀዩ ጽሑፍ ያለበት ተራው ሩዝ፣ አረንጓዴው የሚጣበቀው ነው። ከዚህም የሚሻለው ተራ ሩዝ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ከጥቂት ውሃ ጋር በብሌንደር መፍጨት ነው፤ ይህ እርጥብ ሊጥ ጋላፖንግ ይባላል፣ አያቶች ያለ ቤኪንግ ፓውደር የሚያስነሡትም እርሱን በማቡካት ነበር። በሴቡ ደሴት በምትገኘው ማንዳዌ ሊጡን የሚያስነሣው ቱባ የተባለው የዘንባባ መጠጥ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጾም ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ዘጠኝ ቀናት በሙሉ የሚውሉት በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙዎች የፊሊፒን የገና ኬክ ሁሉ ለእኛ የፍስክ ነው ብለው ይተዉታል። ቢቢንካ በእርግጥ የፍስክ ነው፤ እንቁላሉን አውጥተው «የጾም ቢቢንካ» የሚሠሩ ሰዎችን አልመክርም፣ የሚወጣው ቂጣ ነውና። ቢኮ ግን ከሚጣበቅ ሩዝ፣ ከኮኮናት ወተትና ከቡናማ ስኳር በቀር ምንም የለውም፤ ሩዙ ለብቻው ይበስላል፣ ወተቱና ስኳሩ እስኪወፍሩ ይፈላሉ፣ ከዚያ ሩዙ ገብቶ ከድስቱ ጎን እስኪላቀቅ ድረስ ይማሰላል። ኦቨንም አያስፈልገው።