መልክዓ ምድርና ውሃ በሞዴል ባቡር ሥራ

ሞዴል ባቡር እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎና ሐዲድ በተወሰነ ምጣኔ አሳንሶ የመሥራትና የማንቀሳቀስ ጥበብ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ምጣኔ ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን 1 ለ 87 ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቦታ የጠበበው ሰው 1 ለ 160 የሆነውን ኤን ይመርጣል። ባቡሩ ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል። የሚያልፍበትን ተራራ፣ ሸለቆና ወንዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ በእጁ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሞዴል ባቡር ወለል ላይ ተዘርግቶ ሲመሽ የሚሰበሰብ የልጆች መጫወቻ ነበር። ባቡሩን በመልክዓ ምድር መካከል የማሳየትን ሐሳብ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ኧኸርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መገባደጃ መሥራት የጀመረው «ማደር ቫሊ» በሐሳብ የተፈጠረ ሸለቆ ሲሆን፣ ሐዲዱ በመንደሮቹና በሜዳው መካከል እንደ ማንኛውም የአካባቢው ነገር ያልፋል። ሥራው ዛሬም በኦክስፎርድሽር በሚገኘው የፔንደን ሙዚየም ተጠብቆ ይታያል። በአሜሪካ ደግሞ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የኖረው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ገደሎችን ሠራ፤ መስታወት ደብቆ በማቆም ክፍሉን ከስፋቱ በላይ አስመሰለው። አለን በጥር 1973 እ.ኤ.አ. ሲሞት ቤቱና ሥራው በዚያው ወር በእሳት ወደመ። ያነሳቸው ፎቶግራፎች ግን ከእርሱ በኋላ የመጣውን ትውልድ አስተምረዋል።

የዚህ ሥራ ዋናው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። በእውነተኛው ዓለም መሬቱ ቀድሞ ነበረ፤ መሐንዲሱ መጥቶ ኮረብታውን ዞረ፣ መዞር ሲያቅተው ቆረጠ ወይም በሳ፣ ወንዝ ሲገጥመው ድልድይ ሠራ። በሞዴል ሥራ ሐዲዱ ይቀድምና መሬቱ ይከተላል። ተመልካቹ ይህን ካወቀ ሥራው ከሸፈ። ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት የቆመ ዋሻ ወይም ከሥሩ ምንም የማይፈስበት ድልድይ ምስጢሩን ወዲያው ያወጣዋል። ስለዚህ ሐዲዱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ክፍት በሆነ የእንጨት መዋቅር ላይ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቶ ማሳለፍ ይመረጣል። ሸለቆ ከሐዲዱ በታች ዝቅ ማለት አለበት፤ በኋላ ኮምፔንሳቶ እየቆረጡ ወንዝ ማስገባት አድካሚ ነው።

ርቀትም መጨመቅ አለበት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቅ የነበረውን 784 ኪሎ ሜትር መስመር በ1 ለ 87 ምጣኔ ሙሉውን ልሥራ የሚል ሰው 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሠሪው የአንድን አካባቢ ጠባይ የሚያሳዩትን ጥቂት ቦታዎች መርጦ የቀረውን ይተዋል።

የመሬቱ አካል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሠራል። የካርቶን ቁራጮች እንደ ወንፊት ተጠላልፈው ይጣበቃሉ፤ በላያቸው በጀሶ የተነከረ ወፍራም የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ይነጠፋል። ሲደርቅ ቀጭን ግን ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ይህን ዘዴ ያስፋፋው አሜሪካዊው የሞዴል ባቡር መጽሔት አዘጋጅ ሊን ዌስትኮት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ወደ ፖሊስታይሪን ፎም ዞረዋል፤ ቀላል ነው፣ በቢላዋ ይቀረጻል፤ ነገር ግን ጠንካራ ማቅለጫ ያለበት ሙጫ ሲነካው ይሟሟል። ዐለት የሚወጣው በጎማ ቅርጽ ውስጥ ጀሶ በማፍሰስ ነው። በወፍራም ቀለም ከተቀባ ስንጥቁ ሁሉ ይደፈናል፤ ውሃ የበዛበት ጥቁር፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም በየተራ ሲፈስበት ግን ጥላው ራሱ በየስንጥቁ ይቀመጣል።

ለአፈር ከእውነተኛ አፈር የሚበልጥ የለም። ይደርቃል፣ በጥሩ ወንፊት ይነፋል፣ ማግኔትም ይዞርበታል፤ ብረት ያለበት ብናኝ ወደ ሎኮሞቲቩ ሞተር ገብቶ ያበላሸዋልና። በሐዲዱ ሥር የሚደረገው ጠጠር በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ይያዛል፤ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ካልተጨመረበት ኮላው ጠጠሩ ላይ እንደ ዶቃ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ሣር ቀድሞ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነበር። አሁን ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ የናይለን ክሮች ኤሌክትሪክ ሙል ባለው መሣሪያ ይረጫሉ፤ ይህ የኤሌክትሪክ ሙል ክሮቹን ቀጥ አድርጎ ኮላው ላይ ያቆማቸዋል። ዛፍ ላይ ብዙዎች ይሰስታሉ። 20 ሜትር የሆነ ዛፍ በኤች ኦ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአብዛኞቹ ሥራዎች የሚታዩት ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

ውሃ የሠሪው ችሎታ በግልጽ የሚለካበት ቦታ ነው። አዲስ ሠሪ መጀመሪያ የሚያስበው እውነተኛ ውሃ ማፍሰስ ነው። ውሃ ይተናል፣ አቧራ ይይዛል፣ አልጌ ያበቅላል፣ እንጨት ያጣምማል፤ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ውሃ ከምጣኔው ጋር አለማነሱ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠብታ በኤች ኦ ዓለም 35 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ከትንሹ ፏፏቴ የሚረጨው ትልልቅ ዱባ የሚያክል ነው ማለት ነው። እንቅስቃሴውም ይቸኩላል፤ በዚህ ምጣኔ ሞገድና ፏፏቴ መጠናቸው ከሚጠይቀው 9 ጊዜ ያህል ፈጥነው ይወርዳሉ። በእነዚህ ምክንያቶች ውሃን የሚያስመስለው ብዙውን ጊዜ የማይንቀሳቀስ ነገር ነው።

በስፋት የሚሠራበት ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ኢፖክሲ ሬዚን ነው። መጠኑ በትክክል ይለካል፣ አረፋ እንዳይዝ በዝግታ ይማሰላል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሆነ በየድርብርቡ ይፈሳል። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከፈሰሰ ሲጠነክር በሚፈጥረው ሙቀት ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ሬዚን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ መርፌ በምታህል ክፍተት ሌሊቱን ሙሉ ሾልኮ ወለሉ ላይ ይገኛል። ስለዚህ የወንዙ ወለል ቀድሞ በሲሊኮንና በቀለም ይደፈናል። ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈትም ግድ ነው። ላዩ ከጠነከረ በኋላ ሞገዱ ግልጽ በሆነ የአክሪሊክ ጄል በብሩሽ ይነካካል።

ይሁንና ወንዙን ወንዝ የሚያደርገው ሬዚኑ አይደለም። ሬዚን መስታወት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ጥልቀት የሚፈጠረው ከመፍሰሱ በፊት በቀለም ነው፤ ዳርቻው የአፈር መልክ ይይዛል፣ ወደ መሐል እየጠቆረ ይሄዳል፣ ሽግግሩም ለስላሳ ይሆናል። ትልቅ ወንዝና ሐይቅ ወለላቸው ስለማይታይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በጥንቃቄ ቀብቶ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መደራረብ ብቻውን ይበቃል፤ ይህ ርካሽ ዘዴ ውድ ከሆነው ሬዚን የተሻለ ውጤት ሲሰጥ ይታያል። ሰማያዊ ቀለም መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። ሰማያዊው የሰማይ ነጸብራቅ ነው፤ ደለል የተሸከመ ወንዝ ቡናማ፣ የጫካ ኩሬ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ነው።

ዳርቻው ከውሃው እኩል ድካም ይገባዋል። ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ዳር ተሸርሽሮ ገደል ይሆናል፣ በውስጠኛው በኩል አሸዋና ጠጠር ይከማቻል። ከውሃው አጠገብ ያለው አፈር እርጥብ ስለሆነ ከሌላው ይጠቁራል፤ ድንጋዮቹ እስከ ውሃው ልክ ቫርኒሽ ይነካቸዋል። ሸምበቆና ቄጤማ፣ ጎርፍ ያመጣው ግንድ፣ ከብት የሚወርድበት የተረገጠ መንገድ እዚህ ይገባሉ። ይህን ያደረገ ሰው ሬዚኑ ጥቂት ቢደበዝዝም አይጨነቅ።

ፏፏቴ የሚሠራው ከቦታው ውጭ ነው። የሲሊኮን ወይም የጄል ክሮች ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ይዘረጋሉ፣ ሲደርቁ ይላቀቁና ገደሉ ላይ ይሰቀላሉ። ነጭ ቀለም ከጠርዞቹና ውሃው ከሚያርፍበት አረፋ አያልፍም፤ ሁሉም ነጭ ከሆነ ውሃው በረዶ ይመስላል።

እውነተኛ ውሃ በትልቅ መጠን የተሞከረበት ቦታ በጀርመን ሃምቡርግ የሚገኘው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ነው። መንትያዎቹ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ይህ የ1 ለ 87 ዓለም በ2005 የስካንዲኔቪያን ክፍል ሲጨምር 30 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ባሕር አካተተ። መርከቦች በርቀት መቆጣጠሪያ ይጓዛሉ፤ የባሕሩ መሙላትና መጉደልም ይታያል። ምርጫው ትክክል ነበር፤ የሚጓዝ መርከብ በጠጠረ ሬዚን ላይ ሊሄድ አይችልም። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሠሪ ግን ይህን ያህል ውሃ መሸከምና መንከባከብ ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚሠሩ ወንዞች በአብዛኛው ከሬዚንና ከቫርኒሽ የተሠሩ ናቸው።